የማይጠፋ የቤተ ሙከራ መዝገብ፦ የምሕንድስና ተማሪዎች ሥራ ከዓመት ዓመት እንዴት ይሻገራል?

ወልድያ፦ በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከባድ ወራትን አሳልፋለች። በ2004 ዓ.ም መማር ማስተማር የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በእነዚያ ወራት ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች ተወስደዋል፤ ሳይወሰዱ የቀሩትም ተሰባብረዋል። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከጉዳቱ አላመለጠም።

እንዲህ ያለ ጉዳት ሲነገር በቅድሚያ የሚቆጠረው በዓይን የሚታየው ንብረት ነው። የተሰበረ መስኮት ይጠገናል፤ የተወሰደ ኮምፒውተርም በሌላ ይተካል። በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ሥራ ግን ገበያ ላይ አይገኝም። ባለፈው በጋ የተለካ የአፈር እርጥበት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተመዘገበ የወንዝ ፍሰት፣ ተማሪዎች ሌሊቱን አድረው የጻፉት የፓምፕ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከጠፉ በገንዘብ አይመለሱም። ያለፈው ወቅት ዝናብ እንደገና አይለካም።

ጥያቄው ስለ ጦርነት ብቻ አይደለም። በሰላሙም ጊዜ ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስ ይገባል፣ ኮምፒውተር ይቃጠላል፣ ተማሪ ተመርቆ ሥራውን በላፕቶፑ ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ ካበጁ ቆይተዋል። መፍትሔው የሥሪት ቁጥጥር ይባላል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ ምን እንደኾነ፣ ለምሕንድስና ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ሥራ እንዴት እንደሚጠቅምና የወልድያን፣ የመርሳንና የሀብሩን ነዋሪ ለምን እንደሚመለከት ያብራራል።

የተማሪ ሥራ ለአርሶ አደሩ ምኑ ነው?

የምሕንድስና ተማሪ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሥራ ከግቢው አጥር ውጭ ካለው ኑሮ የራቀ አይደለም። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የኮንክሪት ናሙና ሠርቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ ጥንካሬውን ይለካል። ልኬቱ በከተማዋ የሚቆመውን ቤትና የሚዘረጋውን ድልድይ የሚመለከት ነው። የውኃ ምሕንድስና ተማሪ የቦይን ተዳፋትና የውኃን ፍጥነት ያሰላል፤ ስሌቱ በጊራና ሸለቆም ኾነ በመርሳ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውን አርሶ አደር ይነካል። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕን የሚያዝዝ አነስተኛ መሣሪያ ይገጣጥማል።

በአካባቢው ይህን ዓይነት ዕውቀት ሊያከማቹ የሚችሉ ተቋማት ተቀራርበው ይገኛሉ። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በወልድያ ነው፤ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ በመርሳ ነው፤ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም በዚያው በሀብሩ ወረዳ ነው። ግራና-1 የተባለውን የማሽላ ዝርያ የመሰሉ ውጤቶች ከሲሪንቃ የወጡት በአንድ ወቅት በተደረገ ሙከራ ብቻ አይደለም። የዓመታት ልኬት በተከታታይ ተመዝግቦ፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ተነጻጽሮ ነው።

የተማሪ ሥራ ግን በአብዛኛው ይህ ዕድል አይገጥመውም። ተማሪው ይለካል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ውጤቱን ይቀበላል፣ ይመረቃል። በቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ማሳ ከመጀመሪያው ይለካል። አርሶ አደሩም በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል። የተጠረዘው ሪፖርት በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ጥሬው ልኬት፣ ስሌቱና ፕሮግራሙ አብረውት አይቀመጡም።

«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ»

በብዙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን ሥራ የሚያዝበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች አንድ ፋይል ይጀምራሉ። አንዱ በፍላሽ ወስዶ ያሻሽላል፤ ሌላዋ በቴሌግራም የተላከላትን ቀድሞ የነበረ ቅጂ ታሻሽላለች። ከሳምንት በኋላ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ 2»፣ «ሪፖርት የእውነት የመጨረሻ» የተባሉ ፋይሎች ይከማቻሉ። የትኛው ትክክለኛው እንደኾነ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን እንደኾነ፣ ማን መቼ ለምን እንደቀየረው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ችግሩ የሚገለጠው በማስረከቢያው ዋዜማ ነው። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እምቢ ይላል። ወደ ትናንቱ መመለስ ቢፈለግም የትናንቱ ፋይል ላይ ተጽፎበታል። ፍላሹ ከጠፋ ደግሞ የወራት ድካም አብሮ ይጠፋል። ልጁን ለማስተማር እህል ሸጦ፣ በግ ሸጦ ለላከ ቤተሰብ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምረቃን ሊያዘገይ ይችላል።

አሠራሩ በይዞታ ደብተር ሲመሰል

የሥሪት ቁጥጥርን ለመረዳት የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም፤ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባን ማሰብ ይበቃል። አርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ አለው። የይዞታው መረጃ ደግሞ በመሬት አሥተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መሬቱ በውርስ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ለውጡ ይመዘገባል፦ ከማን ወደ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት። ክርክር ቢነሳ መዝገቡ ይገለጣል። የአንዱ ደብተር ቢቃጠል እንኳ መዝገቡ አለ።

የሥሪት ቁጥጥርም በፋይሎች ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ተማሪው ሥራውን የሚያስቀምጥበት አቃፊ ወደ ማኅደርነት ይለወጣል። አንድ ትርጉም ያለው ለውጥ በፈጸመ ቁጥር «ይህን መዝግብ» ብሎ ያዝዛል። ባለሙያዎች ይህን ምዝገባ «ኮሚት» ይሉታል። በእያንዳንዱ ምዝገባ አራት ነገሮች ይሰፍራሉ፦ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደለወጠው፣ ለምን እንደለወጠው። የመጨረሻውን ተማሪው ራሱ በአጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፈዋል።

የቀደመው አይሰረዝም። አዲሱ በአሮጌው ላይ አይጻፍም፤ ከአሮጌው ቀጥሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ተማሪው በፈለገ ጊዜ ወደ ትናንትናው፣ ወደ ባለፈው ሳምንት ወይም ወደ ሥራው የመጀመሪያ ቀን መመለስ ይችላል።

ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የሥሪት ቁጥጥር ፕሮግራም «ጊት» ይባላል። ጊት ለእያንዳንዱ ምዝገባ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ይሰጣል። ይህ መለያ በተለመደው አሠራር 40 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲኾን እንደ ጣት አሻራ ሊቆጠር ይችላል። በእያንዳንዱ ምዝገባ ውስጥ ከእርሱ በፊት የነበረው ምዝገባ አሻራ ይገባል። በመኾኑም አንድ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የቀድሞ ልኬትን በስውር ቢለውጥ ከዚያ በኋላ ያሉት አሻራዎች ሁሉ ይለወጣሉ፤ ሌላ ቅጂ ያለው ሰውም ልዩነቱን ያውቃል።

ጊት ከየት መጣ?

የሥሪት ቁጥጥር ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በቤል ላብስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ) የፕሮግራም ጽሑፎችን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች መዝገቡ የሚቀመጠው በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሠራተኛው ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ሥራውን መመዝገብ አይችልም። ማዕከሉ ሲበላሽ ደግሞ ታሪኩ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ የጀመረው በፊንላንድ የተወለደው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ቶርቫልድስ ሊነክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የጀመረ ባለሙያ ሲኾን፣ በሥራው ላይ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ በጣም ብዙ ባለሙያዎች ይሳተፉ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ይገለገሉበት የነበረው የአንድ ድርጅት የሥሪት ቁጥጥር ፕሮግራም በነፃ መሰጠቱ ሲቆም ቶርቫልድስ የራሱን ሠራ። በዚያው ዓመት የፕሮግራሙን ኀላፊነት ለጃፓናዊው ባለሙያ ጁኒዮ ሃማኖ አስረክቧል።

የጊት ዋና ልዩነት መዝገቡን በአንድ ቦታ አለመወሰኑ ነው። ማኅደሩን የገለበጠ ሰው ሁሉ የዛሬውን ፋይል ብቻ ሳይኾን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ሙሉ ታሪክ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ቡድን አራት ተማሪዎችና አንድ መምህር ካሉ አምስት ሙሉ መዛግብት አሉ ማለት ነው። ዘሩን በአንድ ጎተራ ብቻ ያስቀመጠ ገበሬ ጎተራው ሲቃጠል ባዶ እጁን ይቀራል፤ ለጎረቤቶቹ ያካፈለ ግን ከእነርሱ መልሶ ያገኛል። የጊት አሠራር የሁለተኛውን ገበሬ ይመስላል።

አንዲት ዜሮ ሽንኩርቱን ስታበሰብስ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሦስት ተማሪዎች በመርሳ አካባቢ ላለ የሽንኩርት ማሳ በራሱ የሚነሳና በራሱ የሚቆም የመስኖ ፓምፕ ለመሥራት ተነሱ እንበል። አርዱዪኖ የተባለውን አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳና የአፈር እርጥበት መለኪያ ይጠቀማሉ። መለኪያው ከ0 እስከ 1023 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣል። እነርሱ በሚጠቀሙበት መለኪያ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሲረጥብ ይቀንሳል።

ተማሪዎቹ በዋልካ አፈር ላይ ሞክረው ትእዛዙን እንዲህ ጻፉ፦ ቁጥሩ ከ600 ሲበልጥ ፓምፑ ይነሳ፤ ከ400 ሲያንስ ይቁም። በትክክል ሠራ። መዘገቡትም፤ ምክንያቱንም «በዋልካ አፈር ተሞክሮ ተስማሚ ኾኖ የተገኘ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ አንደኛው ተማሪ በአሸዋማ አፈር ላይ መሞከር ፈለገ። አሸዋማ አፈር ውኃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ ቁጥሮቹ መስተካከል አለባቸው። ዋናውን ፕሮግራም እንዳያበላሽ በጊት ላይ «ቅርንጫፍ» ያወጣል። ቅርንጫፍ ማለት ከዋናው ግንድ ተነስቶ ለብቻው የሚያድግ የሥራ መስመር ነው። በቅርንጫፉ ላይ የፈለገውን ቢሞክር ጓደኞቹ የሚሠሩበት ግንድ አይነካም። ሙከራው ከሰመረ ቅርንጫፉ ወደ ግንዱ ይዋሐዳል፤ ካልሰመረ ይተዋል።

ሁለት ተማሪዎች በየቅርንጫፋቸው አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ቀይረው ለማዋሐድ ቢሞክሩ ጊት በራሱ አይፈርድም። ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አቅርቦ «የትኛው ይጽና?» ብሎ ይጠይቃል። ዳኝነቱ የሰዎቹ ነው፤ ተነጋግረው ይወስናሉ። በፍላሽ አሠራር ግን ኋላ የመጣው ፊተኛውን ሳይጠይቅ ይደመስሰዋል።

ምሳሌው ይቀጥላል። ሥራው ለመምህር ሊቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ፓምፑ ተነሳና አልቆም አለ። ውኃው በማሳው ላይ ተኛ። ይህ በእውነተኛ ማሳ ላይ ቢኾን ሽንኩርቱ በውኃ ብዛት ይበሰብሳል፤ ነዳጁ ወይም ኤሌክትሪኩም በከንቱ ያልቃል። መለኪያው ተቀየረ፣ ገመዱ ተፈተሸ፤ ችግሩ አልተገኘም።

መዝገቡ ካለ ግን መንገዱ ቀላል ነው። ተማሪዎቹ እስከዚያ ቀን 100 ምዝገባዎች አሏቸው እንበል። የመጀመሪያው ይሠራ ነበር፤ የመጨረሻው አይሠራም። እዚህ ላይ ቦይ ለሚያውቅ ሰው የማይከብድ ዘዴ አለ። ውኃ ከጠለፋው ሞልቶ ተነስቶ ማሳው ላይ ካልደረሰ አርሶ አደሩ ቦዩን ከራስ እስከ ግርጌ በእርምጃ አይፈትሽም። መካከሉ ላይ ሄዶ ያያል። በመካከሉ ውኃው ሙሉ ከኾነ ስንጥቁ ከዚያ በታች ነው፤ ጎድሎ ከኾነ ከዚያ በላይ ነው። ከዚያም የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል። ጊትም በታሪኩ ላይ እንዲህ እየከፈለ እንዲፈልግ የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። በዚህ መንገድ ከ100 ምዝገባዎች መካከል ስሕተቱን ያመጣውን ለማግኘት ከ7 ያልበለጠ ሙከራ ይበቃል።

ምዝገባው ሲገኝ ጊት የተለወጠውን መስመር ነጥሎ ያሳያል፦ የተነሳው «400»፣ የገባው «40»። ቁጥሩ ሲስተካከል አንዲት ዜሮ ተዘንግታለች። መለኪያው እስከ 40 ስለማይወርድ ፓምፑ የመቆሚያውን ትእዛዝ አያገኝም። በሁለት ቀን የማይገኘው ስሕተት በግማሽ ሰዓት ተገኘ። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ተማሪዎቹ ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ማወቃቸው ነው።

ማን ሠራ፣ ማን ስሙን ብቻ ጻፈ?

በቡድን ሥራ ላይ የቆየ ቅሬታ አለ። አንዱ ሌሊቱን ይሠራል፤ ሌላው በሽፋኑ ላይ ስሙን ያስጽፋል፤ ውጤቱ ግን እኩል ነው። መምህሩም የሚያየው የተጠናቀቀውን ሪፖርት ብቻ በመኾኑ ለመለየት ይቸገራል።

የምዝገባ ታሪክ ይህን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል። መምህሩ ማኅደሩን ሲከፍት ሥራው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንዴት እንዳደገ፣ የትኛው ተማሪ የትኛውን ክፍል እንደሠራ፣ የት እንደተሳሳቱና እንዴት እንዳረሙ ያያል። ለአራት ወራት የተሠራ ሥራና በአንድ ሌሊት ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የገባ ሥራ በታሪካቸው ይለያያሉ። መምህሩ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሳይጠብቅ በመካከሉ ስሕተት አይቶ ማረምም ይችላል።

ይህ ማለት ግን ምዝገባ መቁጠር ፍትሕ ነው ማለት አይደለም። አንዲት ተማሪ ሦስት ቀን አስባ አንድ መስመር ብታስተካክል ከሌላው ሃያ ጥቃቅን ምዝገባዎች ሊበልጥ ይችላል። ማሳ ላይ ቆማ ስትለካ የዋለች ተማሪ ልኬቱን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ጓደኛዋ ከኾነ ስሟ በመዝገቡ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ለመምህሩ ማስረጃ ይኾናል እንጂ በመምህሩ ቦታ አይፈርድም።

ኢንተርኔት በሌለበትስ?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስለዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ መቆየቱ የሚታወስ ነው። የመብራት መቆራረጥም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

ጊት ግን ለምዝገባ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሙሉው ታሪክ በተማሪው ኮምፒውተር ላይ ስላለ መመዝገብ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ቅርንጫፍ ማውጣትና ማወዳደር ሁሉ ያለ ግንኙነት ይቻላል። ግንኙነት የሚያስፈልገው የአንዱን ሥራ ወደ ሌላው ለማድረስ ነው። እርሱም ቢኾን በግቢ ውስጥ ባለ የኮምፒውተር መረብ ሊከናወን ይችላል። አንድ መለስተኛ ኮምፒውተር በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሁሉንም ቡድን ማኅደር ሊይዝ ይችላል።

መረብም ከሌለ ጊት ታሪኩን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ለማጓጓዝ ያስችላል። ከመርሳ ካምፓስ የተነሳ ፍላሽ በሚኒባስ ወልድያ ደርሶ እዚያ ካለው ማኅደር ጋር ይዋሐዳል። ፍላሹ በመንገድ ቢጠፋ ሥራው አይጠፋም፤ በመርሳ ያለው ቅጂ እንዳለ ነው።

ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ ማኅደሩን ከአካባቢው ውጭ ማኖር ይቻላል። ከ2008 እ.ኤ.አ ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠውና በ2018 እ.ኤ.አ በማይክሮሶፍት የተገዛው ጊትሀብ ለዚህ የታወቀ ነው። ያለ ክፍያ ማኅደር መክፈት ያስችላል፤ መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ ወይም ቡድን የቤተ ሙከራ ሥራ የሚያከፋፍሉበትና የሚሰበስቡበት መንገድም አዘጋጅቷል። በመረጃ ጥበቃ ሥራ የተለመደ አንድ መመሪያ አለ፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጥ፤ ቢያንስ አንዱ ከግቢው ውጭ ይኹን። የ2013 እና 2014 ዓ.ም ተሞክሮ ለወልድያ የሚናገረው ይህንኑ ነው። አምስት ቅጂ ቢኖርም አምስቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ከኾኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

የማይሠራው ነገር

አሠራሩ ውስንነት አለው። የመጀመሪያው ጊት የተመዘገበውን እንጂ ያልተመዘገበውን አለመጠበቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሳይመዘግብ መብራት የጠፋበት ተማሪ መዝገቡ ውስጥ የሚያገኘው የጧቱን ሥራ ነው።

ሁለተኛው የፋይል ዓይነት ነው። ጊት መስመር በመስመር አወዳድሮ ልዩነት የሚያሳየው በተራ ጽሑፍ የተቀመጡ ፋይሎችን ነው፤ የፕሮግራም ጽሑፍና በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ የልኬት ሠንጠረዦች ለዚህ ይመቻሉ። የሕንፃ ንድፍ፣ ፎቶግራፍና በዎርድ የተጻፈ ሪፖርት ቅጂያቸው ቢቀመጥም የተለወጠውን መስመር ነጥሎ ማየት አይቻልም። ትልልቅ ፋይሎች ሲበዙም ማኅደሩ ይከብዳል። ስለዚህ ጥሬውን ልኬት በሠንጠረዥ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይመከራል።

ሦስተኛው የሰው ምስጢር ነው። ልኬቱ የተወሰደበት አርሶ አደር ስም፣ ስልክ ቁጥርና የማሳው አድራሻ ለሁሉም ክፍት በኾነ ማኅደር መቀመጥ የለበትም። የቀደመው አይሰረዝም የሚለው የጊት ጠባይ እዚህ ላይ ጉዳት ይኾናል። በስሕተት የገባ የይለፍ ቃል ወይም የግል መረጃ በነጋታው ቢነሳ እንኳ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ከታሪኩ ማውጣቱም አድካሚ ነው።

አራተኛው ልማድ ነው። ጊት ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ትእዛዞቹን ለመልመድ ሳምንታት ይወስዳል። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ማሻሻያ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ለቀጣዩ የሚተወው ነገር የለም። «የመቆሚያው ቁጥር ከ400 ወደ 350 የወረደው ዋልካው ከላይ ረጥቦ ከሥር ደርቆ ስለተገኘ ነው» ብሎ የጻፈ ግን ዕውቀት አውርሷል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ከየት ይጀመር?

ጊት ነፃ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። ስለዚህ ለመጀመር የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር የአንድ መምህርና የአንድ ክፍል ፈቃደኝነት ነው። ጅማሬው አንድ የቤተ ሙከራ ትምህርት ሊኾን ይችላል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማኅደር ይከፈታል። በውስጡ ጥሬው ልኬት፣ ስሌቱ ወይም ፕሮግራሙ፣ እንዲሁም መሣሪያው እንዴት እንደተገጠመና የት እንደተለካ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ይቀመጣሉ። ከውጤቱ ጥቂቱ ለምዝገባው ጥራት ይሰጣል። በዓመቱ መጨረሻ ማኅደሩ ለቀጣዩ ክፍል ይተላለፋል፤ አዲሶቹ ተማሪዎችም ካቆሙበት ይጀምራሉ። በወልድያ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም ይህንኑ መንገድ መከተል ይችላሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የኾነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶችን ወደ ፕሮግራም ጽሑፍ እየሳበ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ወጣት በማንኛውም የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሲሰማራ ጊትን ማግኘቱ አይቀርም። በግቢው እያለ የለመደው ተማሪ ከምረቃ በኋላ ለሚቀጥረው ድርጅት የሚያሳየው የሥራ ታሪክ ይኖረዋል።

ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ተማሪዎች መለኪያ ይዘው ወደ ማሳው ወይም ወደ ግንባታው ቦታ ሲመጡ «ውጤቱ የት ይቀመጣል? በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ያገኙታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አርሶ አደሩ ጊዜውንና መሬቱን ሰጥቷልና ጥያቄው መብቱ ነው። ወላጅም ልጁን «ሥራህ ከፍላሹ ሌላ የት አለ?» ቢለው ተገቢ ነው።

የሀብሩ አፈር እርጥበት በዚህ ዓመት ተለክቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ጋር ተነጻጽሮ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ የአሥሩን ዓመት መዝገብ በአንድ ላይ ከፍቶ ማየት ሲችል ዕውቀቱ የአካባቢው ሀብት ይኾናል። ያን ጊዜ የአንድ ፍላሽ መጥፋትም ኾነ የአንድ ክፍል መዘረፍ ያከማቸውን አይወስድበትም። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ በሌላ ይተካል፤ መዝገቡም ከወልድያ ባይገኝ ከመርሳ፣ ከመርሳ ባይገኝ ተመርቆ ከሄደው ተማሪ ላፕቶፕ ሙሉው ታሪክ ይመለሳል።